ፒች ምንድን ነው? ትንንሽ ብሎን ላይ ጥርስ ስለማውጣት

ባለፈው ክረምት አንድ ልብስ ሰፊ ባሕር ዳር፣ ግሽ ዓባይ አካባቢ ወዳለው ቶርኖ ቤታችን መጡ። በመዳፋቸው አንዲት ብሎን ይዘዋል። የስፌት መኪናቸው ላይ መርፌውን የምትይዘው ናት። ዋናዋ ስለጠፋች ከቆርቆሮ ሙሉ ልቅምቃሚ ብሎን ውስጥ ፈልገው ያገኙዋት ምትክ ነች።

«ሦስት ዙር ያህል ገባች፣ ከዚያ ቀጥ አለች» አሉኝ። «ትንሽ ጠበቅ ሳደርጋት ጥርሷን በላው።»

በካሊፐር ለካኋት፤ 3.5 ሚሊ ሜትር። ውፍረቷ ከዋናዋ ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። የተሳሳተው ፒቿ ነው።

ፒች ማለት ከአንዱ የብሎን ጥርስ ጫፍ እስከ ቀጣዩ ጥርስ ጫፍ ያለው ርቀት ነው። በቃ ይኸው ነው። እንዝርት ላይ ፈትል ሲጠመጠም አይታችሁ ከሆነ፣ በአንዱ ዙርና በሚቀጥለው ዙር መካከል ያለውን ርቀት አስቡት። ብሎንም አንድ ሙሉ ዙር ስትዞር የምትጓዘው ልክ ያንኑ ያህል ነው። ፒቿ 0.5 ከሆነ በአንድ ዙር ግማሽ ሚሊ ትገባለች።

ወደ ልብስ ሰፊው ብሎን እንመለስ። ለስፌት መኪና የሚሠሩ ብሎኖች ብዙዎቹ እስከ ዛሬ በኢንች ልክ ናቸው። የሳቸው መኪና የሚፈልገው ውፍረቱ 9/64 ኢንች፣ ማለትም ወደ 3.57 ሚሊ፣ በአንድ ኢንች ውስጥ 40 ጥርስ ያለው ነው። 25.4ን ለ40 ስታካፍሉት ፒቹ 0.635 ይመጣል። እሳቸው ያስገቡት ደግሞ ሜትሪክ፣ ማለትም በሚሊ ሜትር ልክ የተሠራ ነው፣ ፒቹ 0.6። ልዩነቱ 0.035 ሚሊ ብቻ ነው፣ በዓይን አይታይም። ግን በየዙሩ ይጠራቀማል። አሥረኛው ጥርስ ላይ ስትደርሱ 0.35 ሚሊ ሆኗል፣ ከግማሽ ጥርስ በላይ ማለት ነው። ለዚህ ነው መጀመሪያ እሺ ብላ የገባችው ብሎን መሀል ላይ እምቢ የምትለው። እባካችሁ፣ ትንሽ ብሎን እምቢ ካለች በካቻቪቴ አትታገሏት። አውጡና ፒቿን ለኩ። ፒች ጌጅ (የፒች መለኪያ) ከሌላችሁ ከመጀመሪያው ጥርስ ጫፍ እስከ አሥራ አንደኛው ጥርስ ጫፍ ያለውን ርዝመት በካሊፐር ለክታችሁ ለአሥር አካፍሉት።

ታዲያ ቶርኖ ይህን ፒች እንዴት ያወጣዋል? ቶርኖው ሆድ ስር አንድ ረጅም ብሎን አለ። መቁረጫውን የሚጎትተው እሱ ነው። ፒቹ 6 ሚሊ ነው እንበል። የሚቆረጠው ብረት አሥር ጊዜ ሲዞር ረጅሙ ብሎን አንድ ጊዜ እንዲዞር ጊሮቹን ካስተካከላችሁ፣ መቁረጫው በእያንዳንዱ ዙር 0.6 ይሄዳል። ለኢንች ፒች ደግሞ ታዋቂው ባለ 127 ጥርስ ጊር ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም 25.4 በ5 ሲባዛ 127 ነው፤ 127 ደግሞ ለሌላ ቁጥር አይካፈልም፣ በትንንሽ ጊሮች ልታገኙት አትችሉም። እኛ ጋ ይህ ጊር የለም። ለልብስ ሰፊው ብሎን ባለ 63 ጥርስ ጊር ተጠቅሜ 0.63 ፒች አወጣሁ። ከ0.635 ጋር ያለው ልዩነት 6 ሚሊ ርዝመት ላይ 0.05 እንኳ አይሞላም፣ አጭር ብሎን ይሸከመዋል። ረጅም ዘንግ ላይ ግን እንዳትሞክሩት።

ጊሩ ግን ቀላሉ ክፍል ነው። እውነተኛው ፈተና ብረቱ ቀጭን ሲሆን መጉበጡ ነው። ሸንበቆ ከአንድ ጫፍ ይዛችሁ ሌላውን ጫፍ በጣት ግፉት፣ እንደዚያ ነው። መቁረጫው ሲገፋው ይሸሻል፣ ቆረጥኩ ስትሉ አልቆረጣችሁም፣ ጫፉ ላይ ወፍራም ሥሩ ላይ ቀጭን የሆነ ብሎን ይወጣል። ሒሳቡ ደግሞ ጨካኝ ነው። ውፍረቱ በግማሽ ሲቀንስ ጉብጠቱ 16 እጥፍ ይጨምራል። ደስ የሚለው፣ ከቻኩ (ብረቱን ጨብጦ ከሚያዞረው የቶርኖ ክፍል) የወጣውን ርዝመት በግማሽ ስታሳጥሩት ጉብጠቱ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ስለዚህ አሳጥሩት። እኔ የተነሳሁት ከ8 ሚሊ ዘንግ ነው፤ ከቻኩ ያስወጣሁት አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ። ጥርስ የሚወጣበትን ብቻ ወደ 3.57 አወረድኩት፣ የቀረው ወፍራም ሆኖ ደጋፊ ሆነለት።

መቁረጫው ሌላ ጉዳይ ነው። ተገዝተው የሚመጡት ባለ 60 ዲግሪ መቁረጫዎች አፋቸው ለትንሽ ፒች በጣም ድልዱም ነው። የሜትሪክ ጥርስ ሥር የፒቹን አንድ ስምንተኛ ያህል ነው የሚሰፋው። 1.6 ሚሊ ብሎን ላይ ፒቹ 0.35 ስለሆነ የመቁረጫው ጫፍ ከ0.044 ሚሊ መብለጥ የለበትም። ከፀጉር ይቀጥናል! ስለዚህ ሃይስፒድ ስቲል (ጠንካራ የመቁረጫ ብረት) ወስዶ ራስ መሳል ነው። ግራይንደር ላይ ቅርጹን አውጡ፣ በዘይት መሳያ ድንጋይ ጨርሱት፣ በማጉያ መነጽር እዩት። ከፍታው ከብረቱ መሀል ጋር እኩል ይሁን። በወፍራም ዘንግ ላይ የማይታወቅ የ0.1 ሚሊ ስህተት እዚህ ሥራውን ያበላሻል።

ሞተሩንም አጥፉት። ከቻኩ ጀርባ እጀታ አስገብታችሁ በእጅ አዙሩ። መቁረጫው የብሎኗ ራስ ስር ደርሶ የሚቆምበት ቦታ አንድ ሚሊ እንኳ አይሞላም፣ ሞተር እዚያ ላይ አይታመንም። ለ0.635 ፒች ጠቅላላ ጥልቀቱ 0.39 ያህል ነው። መጀመሪያ 0.05 እየገባችሁ፣ መጨረሻ ላይ 0.02፣ በመጨረሻም ምንም ሳትጨምሩ ሁለት ጊዜ መልሳችሁ አሳልፉት፣ ምክንያቱም የሸሸው ብረት ያኔ ነው የሚቆረጠው። ዘይት አትርሱ።

«ዳይ (ብረት ላይ እየዞረ ጥርስ የሚያወጣ መሣሪያ) የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። አለ፣ ለተለመዱት 2 ሚሊና 3 ሚሊ ብሎኖች እኔም እሱን ነው የምመርጠው። ብቻ ባዶ ብረት ላይ በእጅ ከተጀመረ ዳይ ይጣመማል። ግማሹን ጥልቀት በቶርኖ አውጥታችሁ በዳይ ጨርሱት፣ ቀጥ ብሎ ይወጣል።

ባሕር ዳር የቶርኖ ሙያ የቆየባት ከተማ ናት። ፖሊ ቴክኒኩ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር ሲከፈት የአሁኖቹ ባለሙያዎች ብዙዎቻችን አልተወለድንም። ግን በከተማው ስለ ትልቅ ዘንግና ስለ ወፍጮ ቤት ጥገና እንጂ ስለ ትንሽ ብሎን ብዙም አይወራም። ቆጭቶኝ ነው ይህን የጻፍኩት። በአንዲት ብሎን ምክንያት ስንት የስፌት መኪና ጥግ ላይ ቆሟል።

ልብስ ሰፊው በማግሥቱ መርፌ መያዣውን ራሱን ፈትተው አመጡልኝ። ከሱ የተሻለ መለኪያ የለም። ብሎኗን በሁለት ጣታቸው ይዘው አዞሯት። ሦስተኛውን ዙር አለፈች፣ እስከ ጥጓ ገባች። ሦስት ነበር የሠራሁላቸው፤ ሁለቱን ክብሪት ቀፎ ውስጥ ከተው ኪሳቸው አስገቡ።