የድንገተኛ አደጋ ዕቅድ በድሬዳዋ የድንጋይ ካባ

ድሬዳዋ በጣሊያን ወረራ ዘመን የአገሪቱ የመጀመሪያው የስሚንቶ ፋብሪካ የተተከለባት ከተማ ናት። ስሚንቶ ባለበት የኖራ ድንጋይ ካባ አለ፤ ካባ ባለበት ደግሞ ፈንጂ፣ ገልባጭ መኪናና ገደል አይጠፉም። የአደጋ ምላሽ ዕቅድ ማለት አደጋው በደረሰ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ማን ትእዛዝ እንደሚሰጥ፣ ማን እንደሚቆጥር፣ ማን እንደሚደውል አስቀድሞ የወሰነ ሰነድ ነው። ከዚያ የረዘመውን ዶሴ በጭንቅ ሰዓት የሚያነበው የለም።

አዛዡ አንድ ሰው ብቻ ነው። ብዙውን ጊዜ የፈረቃው ፎርማን ይሆናል፤ የበላይ ኃላፊ ሲደርስ ኃላፊነቱን በቃል ተረክቦ ይቀጥላል። አዛዡ ድንጋይ አያነሳም፣ ቁስለኛም አይሸከምም። እጁን ሥራ ላይ ካሳረፈ አጠቃላዩን የሚያይ ይጠፋል።

ከሁሉ በላይ የሚበላሸው ቆጠራው ነው። ቋሚ ሠራተኛ በመዝገብ አለ፤ የቀን ሠራተኛ፣ የገልባጭ ረዳትና ሻይ ይዛ የመጣች ሴት ግን የሉም። መፍትሔው በር ላይ የሚሰቀል የቁጥር ሰሌዳ ነው፦ የሚገባ ሁሉ ቁጥሩን ይሰቅላል፣ ሲወጣ ያነሳል። ሲረን ሲጮህ ሰሌዳው ላይ ያለውና መሰብሰቢያ ቦታ የቆመው ካልገጠሙ የጎደለው ይፈለጋል። መሰብሰቢያው ነፋስ ከሚመጣበት በኩል፣ ከገደሉ ግርጌም ርቆ ይመረጣል። የማስጠንቀቂያ ጽሑፉ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ካልሆነ ከሠራተኛው የተወሰነው ሳይረዳው ይቀራል።

ፍንዳታ የራሱ ሥርዓት አለው። ብዙ አሠራሮች ሰውን ቢያንስ 500 ሜትር ያርቃሉ፤ መንገዶቹ ሁሉ በጠባቂ ይዘጋሉ። ፈንጂ ተሞልቶ ያልፈነዳ ጉድጓድ ከተጠረጠረ ወዲያው መቅረብ ክልክል ነው፦ በኤሌክትሪክ ለሚተኮስ ቢያንስ 15፣ በሚነድ ፊውዝ ለሚተኮስ 30 ደቂቃ ይጠበቃል፤ ከዚያም የሚገባው ተኳሹ ብቻ ነው። ያልፈነዳውን ጉድጓድ መልሶ መሰርሰር ሰው ይገድላል። ከፍንዳታ በኋላ ብርቱካናማ ጭስ ከታየ መርዛማው የናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋዝ ነው፤ የተነፈሰው ሰው ደህና ቢመስልም ሳንባው ከሰዓታት በኋላ ውኃ ሊቋጥር ስለሚችል ሐኪም ቤት ያድራል። እሳት ፈንጂው ጋ ከደረሰ ማጥፋት አይሞከርም፤ ይሸሻል።

ገደል ሲናድ የመጀመሪያው ፈተና የባልደረባ ጥድፊያ ነው። ሁለተኛው ናዳ ላድን ብሎ የሮጠውን ይወስዳል። ስለዚህ አንድ ሰው ፊሽካ ይዞ የገደሉን ጫፍ ብቻ ይመለከታል፤ ሌሎቹ የሚገቡት እሱ ከቆመ በኋላ ነው። አስቀድሞ በገደሉ ጫፍ ላይ በታየ ስንጥቅ ግራና ቀኝ ሁለት ችካል ተክሎ ርቀቱን በየቀኑ በሜትር መለካት ርካሽ ጥንቃቄ ነው።

የገልባጭ ሳጥን ከኤሌክትሪክ መስመር ጋር ሲነካካ ሾፌሩ ከጋቢናው አይወርድም፤ እሳት ካስገደደው ሁለት እግሩን ገጥሞ፣ መኪናውንና መሬቱን በአንድ ጊዜ ሳይነካ ይዘላል፣ ከዚያም እግሮቹን ሳያራርቅ ይርቃል። የተቃጠለ ትልቅ ጎማ እሳቱ ከጠፋ በኋላም ሊፈነዳ ስለሚችል ለ24 ሰዓት አይጠጉትም።

ሙቀቱ በግንቦትና በሰኔ 35 ዲግሪ ሲደርስ አእምሮው የተዛባ ሠራተኛ ሰነፍ ወይም ጫት የቃመ ይመስላል፣ ስህተቱም ይህ ነው። ሙቀት የመታው ሰው መጀመሪያ ጥላ ሥር በቀዝቃዛ ውኃ ይነከራል ወይም ይለቀለቃል፣ ከዚያ ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል ይጫናል። በርሜል ውኃና ሸራ ካባው አጠገብ ይቀመጣሉ።

የድሬዳዋ ልዩ ጠላት ግን ደራሽ ጎርፍ ነው። ዝናቡ የሚጥለው ደጋው ላይ ነው፤ ከተማው ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ደረቁ የወንዝ አሸዋ በውኃ ይሞላል። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ከተማዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ስለዚህ ነዳጅ ቦቴና ኤክስካቫተር በወንዝ አሸዋ ውስጥ አያድሩም፣ ከከተማው በላይ ባለው ደጋ፣ ደንገጎ በኩል፣ ዝናብ ሲጥል የሚደውል ሰው ይኖራል። ወንዙ ሲሞላ አምቡላንስ ስለማይሻገር ቃሬዛ፣ የደም ማቆሚያ ማሰሪያና የሠለጠነ ረዳት ከካባው ወገን መገኘት አለባቸው፤ ማሰሪያው የታሰረበት ሰዓት በቁስለኛው ግንባር ላይ ይጻፋል።

ልምምድ በጠዋት ቅዝቃዜ ሁሉም በቆመበት ብቻ ከተደረገ ድክመቱ አይታይም። ፈረቃ በሚለዋወጥበት ሰዓት፣ ፎርማኑ በሌለበት ቀን ሲደረግ የሰሌዳው ስህተትና የማይነሳው ስልክ ይጋለጣሉ።