«ፎቶው ምንም ይሁን፣ ኤአይ ያጠራዋል» የሚሉት ነገር

በቴሌግራምና በቲክቶክ የብር መስቀል፣ ቀለበትና ጀበና የሚሸጡ ሰዎች ከአንድ ፎቶ በኤአይ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት) የሲኒማ መልክ ያለው ቪዲዮ ማሠራት ከጀመሩ ወዲህ ይህ አባባል ማብቂያ አጥቷል። የደበዘዘ ፎቶ ይላካል፤ በቪዲዮው ውስጥ ካሜራው እስከ ቅርጹ ድረስ ይጠጋ ይባላል፤ «ኤአይ አይደል እንዴ፣ ያጠራዋል!» ይከተላል። አያጠራውም፤ የሌለውን ይፈጥራል።

ቁጥሩን እንይ። በ12 ሜጋፒክስል ስልክ በቁመት የተነሣ ፎቶ ስፋቱ 3000 ፒክስል ገደማ ነው። የአንገት መስቀሉ የስፋቱን ሩብ ከያዘ 750 ፒክስል ደረሰው። የመሐሉ ጥልፍልፍ የመስቀሉ አንድ አምስተኛ ከሆነ 150 ብቻ። ያ ጥልፍልፍ 1080 ፒክስል ስፋት ያለውን ቪዲዮ እንዲሞላ ሰባት እጥፍ ያህል መለጠጥ አለበት። ፎቶው በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ ከተላከማ ረጅሙ ጎን ብዙ ጊዜ ወደ 1280 ስለሚወርድ 48 ፒክስል ይቀራል። የጎደለውን ሞዴሉ (ቪዲዮውን የሚሠራው ኤአይ) ከዚህ በፊት ካያቸው ሌሎች ጌጦች እየገመተ ይሞላዋል። አራት የነበረው ቀዳዳ ስድስት ይሆናል፣ የተጠላለፈው መስመር መሐል ላይ ይቋረጣል፣ በእጅ የተቀረጸው ጠርዝ የፋብሪካ ዕቃ ይመስላል። ገዢው ያየው ሌላ፣ እጁ የሚገባው ሌላ። የአንጥረኛው እጅ የሚታወቀው በዚያው ጥልፍልፍ ስለሆነ ይህ እንደ ትንሽ ስህተት የሚታለፍ አይደለም።

ሥራው የሚጀምረው ከካሜራው ነው። መስቀሉን መስኮት አጠገብ አስቀምጡና ብርሃኑ ከጎን ይምታው፤ በወዲያኛው በኩል ነጭ ወረቀት አቁሙ። ብር እንደ መስታወት ነው፤ ፊት ለፊት ካነሣችሁት የስልኩ ጥላ መሐሉ ላይ ጥቁር ሆኖ ይቀመጣል፣ ካሜራው ሲንቀሳቀስ ሞዴሉ ያንን ጥላ እንደ ጉድጓድ ሊያነበው ይችላል። ስለዚህ ትንሽ ሰያፍ አድርጋችሁ አንሡ። ስልኩ የማክሮ (በጣም ቀርቦ የማንሻ) ሁነታ ከሌለው ፎከሱ እስኪይዝ ወደኋላ በሉ።

ሁለት ፎቶ ያስፈልጋል፤ አንዱ ሙሉውን መስቀል፣ ሌላው ጥልፍልፉን ብቻ ፍሬሙን ሞልቶ። ክሊንግን የመሰሉ ከፎቶ ቪዲዮ የሚሠሩ የኤአይ መሣሪያዎች የመጀመሪያና የመጨረሻ ፍሬም (ቪዲዮው የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን ምስል) ይቀበላሉ፤ ሁለቱን ስትሰጡት ሞዴሉ መንገዱን ብቻ ይገምታል፣ መድረሻው የእናንተ እውነተኛ ፎቶ ነው። ሁለቱ ፎቶዎች በአንድ ብርሃንና ከአንድ ጎን ይነሡ፤ አለዚያ ካሜራው በመጠጋት ፈንታ አንዱ ምስል ቀልጦ ወደ ሌላው ይለወጣል። በቴሌግራም ስትልኩም እንደ ተራ ፎቶ ሳይሆን በፋይል መልክ ላኩ።

«ፕሮምፕቱ (ለኤአዩ የሚጻፈው ትእዛዝ) በረዘመ ቁጥር ያምራል» የሚለውም ክሬዲት (የመሣሪያውን የመጠቀሚያ ነጥብ) ይበላል። ዕቃውን ፎቶው አሳይቶታል፤ እንደገና «ጥንታዊ፣ የሚያብረቀርቅ፣ በጌጥ የተሞላ መስቀል» ብሎ መጻፍ ሞዴሉን ጌጥ እንዲጨምር መጋበዝ ነው። የሚጻፈው እንቅስቃሴው ነው፦ ካሜራው በዝግታ ወደ መስቀሉ መሐል ይጠጋል፤ መስቀሉ ባለበት ጸንቶ ይቆያል፤ ብርሃን ከግራ ወደ ቀኝ በላዩ ያልፋል። አብዛኞቹ መሣሪያዎች እንግሊዝኛውን ይበልጥ ስለሚረዱ በእንግሊዝኛ ጻፉት። «ጭስ አይኑር» አትበሉ፤ ጭስ የሚለው ቃል ራሱ ብዙ ጊዜ ጭሱን ይዞ ይመጣል። «ጥርት ያለ አየር» በሉ።

ለ5 ሰከንድ ቪዲዮ አንድ የካሜራ እንቅስቃሴ ይበቃል። «መጀመሪያ ይዙር፣ ከዚያ ይጠጋ፣ ከዚያ ይነሣ» የሚሉ አሉ። ካሜራው በዞረ መጠን በፎቶው ላይ ያልታየው ጀርባ መፈጠር ይጀምራል፤ ጀበና ከሆነ እጀታው ሁለት ይሆናል፣ ጡቱ በሌላ በኩል ይወጣል።

«4ኬ» ብሎ ፕሮምፕት ውስጥ መጻፍ የቪዲዮውን የፒክስል መጠን አይለውጥም፤ መጠኑ የሚመረጠው ከመሣሪያው ማስተካከያ ነው።

«30 ሰከንድ በአንድ ትንፋሽ» የሚፈልግ ሰውም አለ። ቪዲዮ ከመጨረሻው ፍሬሙ እየተቀጠለ ሲረዝም ስህተቱም አብሮ ይጠራቀማል፤ ቀለሙ ይከርራል፣ ቅርጹ ይሸሻል። ከተለያዩ ፎቶዎች የ5 የ5 ሰከንድ ቁራጮች ሠርቶ መቀጠል ይሻላል።

የሱቁን ስም ፎቶው ላይ አትጻፉ፤ የግዕዝ ፊደል በእንቅስቃሴ ውስጥ በቀላሉ ይቀልጣል፣ «ሰ» እግር ያበቅላል። ቪዲዮው ካለቀ በኋላ ካፕከትን በመሰለ የቪዲዮ ማቀናበሪያ ይለጠፍ።

ከመለጠፋችሁ በፊት ቪዲዮውን መሐሉና መጨረሻው ላይ አቁሙት፣ መስቀሉን በእጃችሁ ያዙና ቀዳዳዎቹን ቁጠሩ። አንድም ቢለያይ ካሜራው የሚጠጋበትን ርቀት አሳጥራችሁ እንደገና አውጡ።