ከጎሽ ግት እስከ ሙምባይ ሱቅ፦ የአናንድ ወተት አምራቾች ኅብረት ሥራ

አናንድ በምዕራብ ህንድ፣ በጉጃራት ክልል የምትገኝ ከተማ ናት። ስሟ የገነነው በወተት ነው። ዛሬ በመላ ህንድ ሱቆች የሚታየው የአሙል ቅቤ፣ አይብና አይስክሬም መነሻው እዚህ ነው። አሙልን ጠቅልሎ የያዘ ባለሀብት የለም። ባለቤቶቹ ጉጃራት ውስጥ በ18,600 ገደማ መንደሮች የሚኖሩ 3.6 ሚሊዮን ያህል ወተት አምራቾች ናቸው። አብዛኞቹ ሁለት ሦስት ጎሽ ወይም ላም ነው ያላቸው። በእስያ ገበሬው ከምርቱ የሚገባውን ድርሻ ያገኘበት ምሳሌ ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚነሳው የእነሱ ነው።

እዚህ ጎሽ ስንል የዱሩን አይደለም። የህንድ ጎሽ ጥቁር፣ ገራም፣ ውሃ ውስጥ መነከር የምትወድ የቤት እንስሳ ናት። ወተቷ ወፍራም ነው። የላም ወተት ስብ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 4 በመቶ ሲሆን የጎሽ ግን 7 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ይህ የስብ ነገር ኋላ ላይ ብዙ ጣጣ አምጥቷል።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ወተት ገዢ ድርጅት ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1940ዎቹ አናንድ የነበረችበት የኬዳ አውራጃ ገበሬ ወተቱን የሚያስረክበው ፖልሰን ለሚባል የግል ድርጅት ነበር። በ1945 የቦምቤይ፣ የዛሬዋ ሙምባይ፣ መንግሥት ለከተማዋ ከአናንድ ወተት ማስመጣት ጀመረ። መንገዱ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የማቅረብ መብቱም ለፖልሰን ተሰጠ። ድርጅቱ አተረፈ፣ ደላላው ኪሱን ሞላ፣ የገበሬው ዋጋ ግን ያው ነው። እህል ያለው ሰው ዋጋው ካልጣመው ጎተራው ውስጥ አስቀምጦ ይጠብቃል። ወተት ግን በዚያ ሙቀት እስከ ቀትር አይቆይም። ገዢው ይህን ያውቃል፤ ሻጩም ገዢው እንደሚያውቅ ያውቃል።

ገበሬዎቹ አቤት ያሉት ለነፃነት ታጋዩ ለቫላብባይ ፓቴል ነው። ፓቴል የዚያው አገር ልጅ ናቸው። መልሳቸው አጭር ነበር፦ ማኅበር አቋቁሙ፣ ወተቱን ራሳችሁ አቀነባብሩ፣ ራሳችሁ ሽጡ። ኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑትን ሞራርጂ ዴሳይን ወደ ገበሬዎቹ ላኩ። ጥር 4 ቀን 1946 ሳማርካ በምትባል መንደር ስብሰባ ተደረገና ውሳኔ ላይ ተደረሰ። እያንዳንዱ መንደር ማኅበር ያቋቁማል። ማኅበራቱ በአንድ ዩኒየን ይታቀፋሉ። መንግሥት ወተት ከፈለገ ከዩኒየኑ ይግዛ።

መንግሥት አሻፈረኝ አለ። ገበሬውም ወተት መሸጥ አቆመ። ለ15 ቀን ከኬዳ ወደ ቦምቤይ የሚሄድ ወተት ጠፋ። በየቀኑ እየታለበ ገንዘብ የማያመጣ ወተት ይዞ ሁለት ሳምንት መክረም ለድሃ ቤት ቀልድ አይደለም። በመጨረሻ የመንግሥት ሹም አናንድ ድረስ መጥቶ ጥያቄውን ተቀበለ። የኬዳ አውራጃ ወተት አምራቾች ዩኒየን ታኅሣሥ 14 ቀን 1946 ተመዘገበ። ሊቀመንበሩ ትሪቡቫንዳስ ፓቴል፣ በየመንደሩ በእግር እየዞሩ ሰው ያሳመኑ ሰው ናቸው። ሥራው በ1948 ሲጀመር ወተት ያቀረቡት የሁለት መንደር ማኅበራት ብቻ ነበሩ። በቀን 250 ሊትር ገደማ።

በ1949 አንድ ወጣት መሐንዲስ አናንድ ደረሰ። ቨርጊስ ኩሪየን ይባላሉ፤ የደቡብ ህንድ የኬራላ ሰው። በመንግሥት ገንዘብ አሜሪካ ተምረው ስለነበር ውለታውን በሥራ መክፈል ነበረባቸው። የተመደቡትም አናንድ በሚገኝ አሮጌ የመንግሥት ማቀነባበሪያ ነው። ቦታውን ጠሉት። ላጤ፣ ክርስቲያን፣ ሥጋ በላ ስለሆኑ ቤት የሚያከራያቸው እንኳ ጠፍቶ ጋራዥ ውስጥ ኖረዋል። ግዴታቸው አልቆ ሻንጣቸውን ሲሸክፉ ትሪቡቫንዳስ “ማሽናችንን ጠግንልንና ትሄዳለህ” አይነት ልመና አቀረቡላቸው። ኩሪየን ቀሩ። አናንድ ኖረው በ2012 አረፉ። በነገራችን ላይ የህንድ የወተት አባት የሚባሉት እኚህ ሰው ወተት አይወዱም ነበር።

የመጀመሪያው ትልቅ ፈተና የክረምት ወተት ነበር። እዚያ ክረምት ማለት ብርዱ ነው፤ ጎሽ በብርዱ ወራት ከበጋው ሙቀት ከእጥፍ በላይ ትታለባለች። ቦምቤይ ግን የምትጠጣው ያንኑ ነው። የተረፈው ምን ይሁን? እኛ ዘንድ ዓቢይ ጾም ሲገባ ወተት ገዢ እንደሚያጣ ማለት ነው። መፍትሔው ወተቱን ወደ ዱቄትና ቅቤ ለውጦ ማቆየት ነበር። የውጭ ባለሙያዎች ግን የጎሽ ወተት ስቡ ስለሚበዛ ዱቄት አይወጣውም ይሉ ነበር። የኩሪየን ጓደኛ የነበሩት የወተት ቴክኖሎጂ ባለሙያ ኤች ኤም ዳላያ በሙከራ እንደሚቻል አሳዩ። ዩኒሴፍ በማሽን አገዘ። ጥቅምት 31 ቀን 1955 ጠቅላይ ሚኒስትር ነህሩ የዱቄት ወተት ፋብሪካውን መረቁ። ከዚያ በኋላ ዩኒየኑ ወተት በሚተርፍባቸው ወራትም “ዛሬ ወተት አንቀበልም” ማለት አላስፈለገውም። ለገበሬው ከዋጋው ይልቅ ይህ ይበልጥበታል ብል ማጋነን አይሆንም።

አሠራሩ ሦስት እርከን አለው። ከታች የመንደር ማኅበር፣ ከዚያ የአውራጃ ዩኒየን፣ ከላይ የክልል ፌዴሬሽን። የመንደሩ ማኅበር ወተት ይሰበስባል። ዩኒየኑ ፋብሪካውን ይዞ ያቀነባብራል። በ1973 የተቋቋመው ፌዴሬሽን አሙል በሚለው ስም ይሸጣል። አንድ ጎሽ ያላትም አሥር ያለውም ድምፃቸው አንድ ነው።

ወደ መንደሩ ጠጋ ብለን እንየው። ገና ሳይነጋ የማኅበሩ በር ይከፈታል። ሴቶች ይበዛሉ፤ በብረት ዕቃ ያለቡትን ይዘው ተሰልፈዋል። የአንዷ ወተት ሚዛን ላይ ይደፋል። ከእሱ ትንሽ ተቀድቶ መመርመሪያ ማሽን ውስጥ ይገባል። ስቡና ሌላው ጠጣር ነገር ስንት እንደሆነ ወዲያው ይነበባል። ቁጥሩን እሷም ታያለች። ከዚያ ሊትሩ፣ የስቡ መጠንና የሚደርሳት ሩፒ የታተመበት ወረቀት ይሰጣታል። ማታም ይኸው ይደገማል። ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት ምርመራው በአሲድና በእጅ በሚሽከረከር ዕቃ ነበር። ያኔም ቢሆን የጠዋቱን ወተት ገንዘብ ማታ መክፈል የተለመደ ነበር። ዛሬ አብዛኛው ክፍያ ባንክ ይገባል።

ይቺ ወረቀት ቀላል ነገር ትመስላለች። የወተት ንግድ ውስጥ የነበረው ሌብነት ግን የሚሠራው እዚሁ ነበር። ደላላው በዓይኑ አይቶ “ቀጭን ነው” ካለ አለቀ፤ የሚከራከረው ማን ነው? በስብ መክፈል ሁለት በሽታ ባንዴ አዳነ። ገዢው ሚዛን መስረቅ፣ ሻጩም ውሃ መቀላቀል አላዋጣቸውም። ስለ ፍትሐዊ የገበያ ሰንሰለት ብዙ ሲወራ የሚዘለለው ይህ ይመስለኛል፦ መለኪያው የት እንዳለና ማን እንደሚያየው።

ፌዴሬሽኑ እንደሚለው ሸማቹ ከሚከፍለው አንድ ሩፒ 80 ፓይሳ ገደማው (አንድ ሩፒ 100 ፓይሳ ነው) ለአምራቹ ይደርሳል። ዓመቱ ሲዘጋ ደግሞ ከትርፉ ላይ እያንዳንዱ ባስረከበው ወተት ልክ ጭማሪ ይከፈለዋል። ከገንዘቡ ሌላ አገልግሎቱ አለ። ላም ስትታመም የዩኒየኑ ሐኪም ይመጣል። የማዳቀል አገልግሎት እስከ ደጅ ይደርሳል። ዩኒየኑ የራሱ የመኖ ፋብሪካ አለው፤ ፋጉሎና ፉርሽካ የሚገባበት መኖ በማኅበሩ በኩል ይሸጣል። የቀረውን ገበሬው ከማሳው በሚያገኘው ገለባና ሣር ይሞላዋል።

ይህ ሁሉ የአንድ አውራጃ ወሬ ሆኖ ይቀር ነበር። በ1964 ጠቅላይ ሚኒስትር ላል ባሃዱር ሻስትሪ የመኖ ፋብሪካ ሊመርቁ መጥተው አንዲት መንደር ውስጥ አደሩ። ከገበሬው ጋር ሲያወሩ አመሹ። በማግስቱ ጥያቄያቸው አንድ ነበር፤ ይህ በሌላውስ ቦታ ለምን አይሆንም? በዓመቱ ብሔራዊ የወተት ልማት ቦርድ ተቋቋመ፤ መቀመጫው ዴልሂ ሳይሆን አናንድ፣ መሪው ኩሪየን።

ቦርዱ በ1970 የጀመረው ዘመቻ በእንግሊዝኛ ስሙ ኦፕሬሽን ፍለድ ይባላል። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ አውሮፓ የዱቄት ወተትና የቅቤ ክምር ይዞ የሚያደርግበት ጠፍቶት ነበር። ያ ክምር በርካሽ ህንድ ቢገባ የገበሬውን ዋጋ ገደል ይከተዋል። ኩሪየን ዕርዳታውን በዓለም የምግብ ፕሮግራም በኩል ተቀበሉ፤ ግን በነፃ አላደሉትም። ወተት ሆኖ ተዘጋጅቶ በከተሞች በአገር ውስጥ ዋጋ ተሸጠ። ገንዘቡ ማኅበራትን ለማደራጀት፣ ለፋብሪካና ለማጓጓዣ ዋለ። ወተት የሚጭኑ የባቡር ቦቴዎች ገጠሩን ከዴልሂ፣ ከካልካታ፣ ከሙምባይና ከቼናይ አገናኙ። ዘመቻው በ1996 ሲያበቃ ከ70,000 በላይ የመንደር ማኅበራት ነበሩ። በ1970 ከ20 ሚሊዮን ቶን ጥቂት የሚበልጠው የህንድ ወተት ምርት ዛሬ ከ230 ሚሊዮን ቶን በላይ ደርሷል፤ ከዓለም ወተት ሩብ ገደማው ነው። የምርቱ ዕድገት ሁሉ የማኅበራቱ ውጤት ነው ማለት ግን አይቻልም። ዛሬም ብዙው የህንድ ወተት እዚያው ቤት ይጠጣል ወይም በግል ነጋዴ እጅ ያልፋል።

ጉድለቱም ጥቂት አይደለም። እበቱን የምትዝቀው፣ ሣሩን የምታጭደው፣ የምታልበው ሴቷ ናት። በብዙ መንደር የአባልነት ደብተሩና የኮሚቴው ወንበር ግን የባል ነው። ሴቶች ብቻ የሚያስተዳድሯቸው ማኅበራት በኋላ ላይ እየተበራከቱ መጥተዋል። የዩኒየን ሊቀመንበርነትም ለፖለቲካ መሰላል ሆኗል። ገንዘብና ድምፅ ባለበት ፖለቲከኛ አይጠፋም።

ከሁሉ የሚከብደው የውሃው ጉዳይ ነው። በሰሜን ጉጃራት፣ በባናስካንታና በመህሳና፣ ላም የሚቀለበው አልፋልፋ የሚበቅለው ከጥልቅ ጉድጓድ በሚሳብ ውሃ ነው። የከርሰ ምድሩ ውሃ በየዓመቱ እየሸሸ ነው። ከብቱ የሚያወጣው ሚቴን፣ ምድርን የሚያሞቀው ጋዝ፣ ደግሞ አለ። ቁጥሩ እንደ ህንድ በበዛ አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ለገበሬው ጥሩ የሚከፍል ሰንሰለት ለመሬቱ ደግሞ ክፉ ሊሆን ይችላል።

አናንድ አካባቢ የተጀመሩ ሙከራዎች ወደዚህ ያተኮሩ ናቸው። ዛካሪያፑራ በምትባል መንደር ሴቶች በየደጃቸው አነስተኛ የባዮጋዝ ማብላያ አላቸው። በእበቱ ጋዝ ያበስላሉ። የተረፈውን ዝቃጭ ለማዳበሪያ ይሸጣሉ። እዚያም ላይ እንደ ወተቱ ተለክቶ ነው የሚከፈለው። ዱንዲ በምትባል ሌላ መንደር በ2016 የተመዘገበ ማኅበር ደግሞ አለ። አባላቱ በፀሐይ ኃይል ውሃ የሚስቡ ገበሬዎች ናቸው። መስኖ በማያስፈልግበት ሰዓት ኤሌክትሪኩን ለመብራት ኩባንያው ይሸጣሉ። ውሃ ዝም ብሎ ከመሳብ መብራት መሸጥ ካዋጣ ጉድጓዱ ያርፋል፤ ስሌቱ ይኸው ነው።

የቅርብ ጊዜው ጥል ደግሞ ኩሪየን ያልጠበቁት ይመስለኛል። በሚያዝያ 2023 አሙል ባንጋሎር ውስጥ ትኩስ ወተት ሊሸጥ መሆኑን ሲያሳውቅ የካርናታካ ክልል ተንጫጫ። ካርናታካ ናንዲኒ የሚባል የራሱ ወተት አለው፤ እሱም የገበሬዎች ፌዴሬሽን ነው። ምርጫ ደርሶ ስለነበር ፖለቲከኛው ሁሉ ገባበት። የክልሉ መንግሥት ለናንዲኒ አምራቾች በሊትር ድጎማ ይከፍላል፤ ወተቱም በርካሽ ይሸጣል። የአሙል አምራች ደግሞ ገበያዬ ለምን ይዘጋብኛል ይላል። ማኅበራት አንዱ በሌላው ክልል ትኩስ ወተት ባይሸጡ የሚለው ልማድ ያልተጻፈ ስምምነት እንጂ ሕግ አይደለም። በሁለቱም ወገን ያለው ደግሞ ሁለት ጎሽ ያለው ገበሬ ነው።