ሐሞት ከረጢት ወጥቶ ሆድ ሕመሙ ሲቀጥል፦ «ፖስት ኮሌሲስቴክቶሚ ሲንድረም» ምንድን ነው?

«ዶክተር፣ ሐሞቴን አውጥታችሁት የለም እንዴ? ታዲያ አሁን የሚያመኝ ምኑ ነው?»

ይህን ጥያቄ በክትትል ቀጠሮ ያልሰማ የቀዶ ጥገና ሐኪም አይኖርም። ጠያቂው ብዙ ጊዜ ቁስሉ የደረቀለት፣ ዘመድ ወዳጅም «እንኳን እግዚአብሔር ማረህ» ብሎ የተመለሰለት ሰው ነው። ሆዱ ግን አልተመለሰለትም። ከቀኝ ጎድን ሥር ወይም ከእምብርት በላይ መሐል ላይ የሚመጣ ሕመም፣ ከምግብ በኋላ የሚነፋ ሆድ፣ ቃር፣ ማቅለሽለሽ፣ አንዳንዴም መጸዳጃ ቤት እስኪደርሱ ፋታ የማይሰጥ ተቅማጥ አለ። አንዳንዱ ላይ ከድሮው የቀጠለ ነው፣ አንዳንዱ ላይ እንደ አዲስ የጀመረ።

ሐኪሞች ይህን ሁሉ ጠቅልለው ፖስት ኮሌሲስቴክቶሚ ሲንድረም ይሉታል፤ ሐሞት ከረጢት ከወጣ በኋላ የሚቀር ወይም የሚጀምር የሆድ ችግር እንደማለት ነው። ስያሜው እ.ኤ.አ. በ1947 ወማክ እና ክራይደር የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ችግሩን ከጻፉበት ጊዜ ጀምሮ ይሠራበታል። ምን ያህል ሰው ላይ ይታያል ሲባል መልሱ እንደ ጥናቱና እንደ አቆጣጠሩ ከ5 እስከ 40 በመቶ ይለያያል። ይህን ያህል ሰፊ ቁጥር የሚመጣው ስሙ የአንድ በሽታ ስም ስላልሆነ ነው። ጨጓራም፣ የሐሞት ቱቦም፣ አንጀትም፣ የሆድ ግድግዳ ነርቭም በዚሁ ስም ሥር ይገባሉ። ስለዚህ ካርዳችሁ ላይ ይህ ስም ተጽፎ ካያችሁ ምርመራው አለቀ ብላችሁ አትቀበሉ፤ ከሥሩ ያለው ምክንያት ገና መፈለግ አለበት።

ለመሆኑ የወጣው ምንድን ነው? ሐሞትን የሚሠራው ጉበት ነው፤ በቀን ከግማሽ እስከ 1 ሊትር ያህል። ከረጢቱ ጉበት ሥር ተለጥፎ ከዚህ ውስጥ ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ብቻ ይይዛል፣ ውኃውን እየመጠጠ ያወፍረዋል፣ ቅባት ያለው ምግብ አንጀት ሲደርስ ደግሞ ጨመቅ ብሎ ይለቀዋል። ከረጢቱ ሲወጣ ጉበቱ ሥራውን አያቆምም። ሐሞቱ ምግብ ኖረም አልኖረ ጠብ ጠብ እያለ በዋናው ቱቦ በኩል ወደ ትንሹ አንጀት ይወርዳል። አብዛኛው ሰው ይህን በጥቂት ሳምንታት ይለምደዋል። በካሜራ ከተደረገ ቀዶ ጥገና በኋላ ለጥቂት ቀናት ትከሻን የሚወጋው ሕመምም ሆድን ለመንፋት ከገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚመጣ ስለሆነ በራሱ ይለቃል። ችግር የሚባለው ከዚያ ሁሉ አልፎ የሚቆየው ነው።

እዚህ ላይ ከማንኛውም ማሽን በፊት መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄ አለ፦ ሕመሙ ያው የድሮው ነው ወይስ ሌላ? በእኔ እምነት ሐኪሙ ሳይጠይቅ ቢቀር እንኳ ታማሚው ራሱ አስቦበት መግባት ያለበት ጥያቄ ይሄ ነው።

ከረጢቱ ብዙ ጊዜ የሚወጣው በሐሞት ጠጠር ምክንያት ነው፤ የጠጠሩ ሕመም ጠባዩም የታወቀ ነው። ብዙ ጊዜ ከከባድ እራት በኋላ ወይም ሌሊት ድንገት ይነሳል፤ እየበረታ ሄዶ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ለሰዓታት ሳይላላ ይቆያል፤ ወደ ጀርባ ወይም ወደ ቀኝ ትከሻ ሥር ይዘልቃል፤ አላስቀምጥ አላስተኛ ይላል። ከዚያ ጥርግ ብሎ ይሄድና ለሳምንታት ላይመለስ ይችላል። በየቀኑ የሚነፋ፣ የሚያቃጥል፣ ሲያገሱ ወይም ሰገራ ሲወጡ ቀለል የሚል ሕመም ግን ከመጀመሪያውም የሐሞት ላይሆን ይችላል።

ብዙ ሰው የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። ለዓመታት ጨጓራውን ሲታመም የኖረ ሰው አልትራሳውንድ ይታዘዝለታል፤ ጠጠር ይታያል። ታማሚውም ቤተሰቡም «ለካ ይሄ ነው!» ይላሉ። ነገር ግን ጠጠር ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ አንድም ቀን ሳያማቸው ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ፤ መታየቱ ብቻ የሕመሙ ምክንያት እሱ ነው አያሰኝም። ከረጢቱ ይወጣል፣ ጨጓራው ግን እንዳለ ነው። ጨጓራን የሚያሳምመው ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ እንደ እኛ አገር በተስፋፋበት ቦታ ደግሞ ይህ የሚጠበቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት ጠጠርና የሆድ ሕመም ያለባቸውን 1067 ሰዎች ተከታትሏል። አብዛኞቹ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ነበር። ሆኖም ከአንድ ዓመት በኋላ ሕመም የለብንም ያሉት ሐኪሞች በለመዱት መንገድ በታከመው ቡድን 60 በመቶ፣ ለቀዶ ጥገና ጥብቅ መስፈርት በተቀመጠለት ቡድን ደግሞ 56 በመቶ ብቻ ነበሩ። በሁለቱም ቡድን ከአሥር ሰው አራቱ ገደማ አሁንም ያማቸዋል ማለት ነው።

ስለዚህ የድሮው ሕመም ሳይለወጥ ከቀጠለ መጀመሪያ ጨጓራንና አንጀትን ማየት ተገቢ ነው፦ የኤች ፓይሎሪ ምርመራ፣ እንደ ዕድሜና እንደ ምልክቱ ኤንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ጨጓራን ማየት)፣ የአሲድ መቀነሻ መድኃኒት ሙከራ። አንድ ነገር በዚህ አጋጣሚ፦ ለዚሁ ሕመም ተብሎ ከፋርማሲ የሚገዛ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሲደጋገም ጨጓራን ያቆስላል። ባዶ ሆድ ላይ የሚወሰድ ፌጦ በሎሚም የሚያቃጥል ጨጓራ ላለበት ሰው ማባባሻ ሊሆን ይችላል። ሕመሙን ለማስታገስ የተወሰደው ሌላ ሕመም ሲያመጣ ሁለቱን መለየት ይቸግራል።

ሕመሙ እውነተኛውን የጠጠር ሕመም ከመሰለ ወይም ከቀዶ ጥገናው በኋላ አዲስ ከመጣ ግን ወደ ቱቦው መሄድ ነው። ከረጢቱ ሳይወጣ በፊት ጠጠር ወደ ዋናው ቱቦ ሾልኮ ወርዶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ጠጠር በቀናት ውስጥም፣ ከዓመታት በኋላም ራሱን ሊያሳይ ይችላል። ከረጢቱ የተቆረጠበት ጫፍ ረዘም ብሎ ከቀረም በውስጡ ጠጠር ሊኖር ይችላል። አልፎ አልፎ ደግሞ ቱቦው በቀዶ ጥገናው ጊዜ ተጎድቶ ይጠባል ወይም ሐሞት ያፈስሳል። በእኛ አገር ሐኪሞች የማይረሱት ሌላም እንግዳ አለ፦ ወስፋት ከአንጀት ሽቅብ ወጥቶ ሐሞት ቱቦ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ በአልትራሳውንድም ሲንቀሳቀስ የታየበት ጊዜ አለ።

እዚህ ወገን ላይ ምልክቶቹ ብዙም አይደበቁም። ዐይን ቢጫ ሲሆን፣ ሽንት ሲጠቁር፣ ሰገራ ሲነጣ፣ ትኩሳት ከብርድ ብርድ ማለት ጋር ሲመጣ ቀጠሮ መጠበቅ የለም፤ በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው። ዐይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ነው» ተብሎ በባህል መድኃኒት የሚባክነው ጊዜ ቱቦው ለተዘጋበት ሰው አደገኛ ነው። ማስታወክ አላቆም ካለ፣ ክብደት ያለምክንያት ከቀነሰ፣ ሰገራ ከጠቆረ ወይም ደም ካለውም መዘግየት አይገባም። ከላይኛው ሆድ የሚጀምርና ሲሄዱ ወይም ደረጃ ሲወጡ የሚብስ ሕመም ደግሞ የልብ ሊሆን እንደሚችል መርሳት የለብንም።

ምርመራው ከቀላሉ ይጀምራል፦ የጉበት ኢንዛይሞችና ቢሊሩቢን፣ ለቆሽት ላይፔዝ፣ ከዚያ አልትራሳውንድ። የደም ናሙናው ሕመሙ በተነሳ በሰዓታት ውስጥ ቢሰጥ ይመረጣል፤ ከሳምንት በኋላ የተሰጠ ደም ሁሉ ነገር ደህና ነው ሊል ይችላል። ከረጢቱ ለወጣለት ሰው ዋናው ቱቦ ትንሽ ሰፋ ብሎ መታየቱ ብቻውን አያስደነግጥም። ጥርጣሬው ካልጠራ ቱቦውን ያለ ቀዶ ጥገና በኤምአርአይ የሚያሳየው ኤምአርሲፒ ይታዘዛል። በአፍ በሚገባ ካሜራ እስከ ሐሞት ቱቦው በር ድረስ ተደርሶ የሚሠራው ኢአርሲፒ ግን ጠጠር ለማውጣት እንጂ «እስቲ እንየው» ተብሎ የሚደረግ አይደለም፤ ቆሽትን ሊያስቆጣ ይችላል።

ይህን በተመለከተ አንድ ታሪክ ልጨምር። ሐሞት ቱቦው አንጀት ላይ በሚከፈትበት በር ላይ ቀለበት መሰል ጡንቻ አለ። ሩጄሮ ኦዲ የተባለ ጣሊያናዊ ፔሩጂያ ውስጥ የሕክምና ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1887 ስለጻፈበት በስሙ ይጠራል። ለብዙ ዓመታት ምክንያቱ ያልታወቀ ሕመም ሁሉ «የኦዲ ጡንቻ አልከፈት ብሎ ነው» ተብሎ ጡንቻው በኢአርሲፒ ይቆረጥ ነበር። ከዚያ በአሜሪካ 7 ሆስፒታሎች ውስጥ 214 ታማሚዎች ላይ ጥናት ተደረገ። ሁሉም ሐሞት ከረጢታቸው የወጣና የሚያማቸው፣ በምርመራ ግን የጎላ ነገር ያልተገኘባቸው ነበሩ። ለአንዱ ቡድን ጡንቻው ተቆረጠ፤ ለሌላው የተቆረጠ አስመስለው ሳይነኩት ተዉት። እ.ኤ.አ. በ2014 ውጤቱ ሲወጣ በእውነት ከተቆረጠላቸው 23 በመቶ፣ በይስሙላ ከተደረገላቸው ደግሞ 37 በመቶ ተሻላቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ የሮም መስፈርት የሚባለው ዓለም አቀፍ መመሪያ ያንን የሕመም ዓይነት ከዝርዝሩ አወጣው። የደም ምርመራው ንጹሕ፣ ቱቦው ያልሰፋ ሰው ይህን ሕክምና ከመቀበሉ በፊት ሌላ ሐኪም ቢያማክር አይጸጸትም።

ጡንቻው ግን ጨርሶ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ኮዴን እና ሞርፊን የተባሉት ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎች ያጠብቡታል። ከረጢት የሌለው ሰው ለጥርስ ወይም ለሳል የተሰጠውን ኮዴን ያለበት መድኃኒት ውጦ ብዙም ሳይቆይ ከባድ የላይኛው ሆድ ሕመም ቢይዘው መድኃኒቱን መጠርጠርና ለሐኪም መናገር አለበት።

ተቅማጡ ሌላ ነገር ነው። ያለማቋረጥ የሚወርደው ሐሞት ሲበዛ የሐሞት አሲዱ ትልቁ አንጀት ድረስ ይዘልቅና ውኃ ያስወጣዋል። ጠዋት ገና ከአልጋ ሲነሱ ወይም ቁርስ እንደቀመሱ የሚያጣድፍ፣ ቢጫማ ተቅማጥ ይሄንን ያስጠረጥራል። ለዚህ ኮሌስታይራሚን የሚባል በውኃ ወይም በጭማቂ የሚበጠበጥ ዱቄት አለ፤ የሐሞት አሲዱን አንጀት ውስጥ ያስረዋል። ሌላ መድኃኒትንም ስለሚያስር የደም ግፊቱም ሆነ የእንቅርቱ ክኒን ከእሱ 1 ሰዓት በፊት ወይም ከ4 እስከ 6 ሰዓት በኋላ መወሰድ አለበት። ለዓመታት «አንጀቴ አልስማማኝ አለ» እያሉ የሚኖሩ ሰዎች በዚህ ዱቄት ሲሻላቸው ማየት የተለመደ ነው።

የሆድ ግድግዳ ሕመምም ይረሳል። በካሜራ ሲሠራ ከተበሱት ትንንሽ ቀዳዳዎች በአንዱ በኩል ነርቭ ሊጎዳ ወይም ቡአ ሊወጣ ይችላል። ሰውየው የሚያመውን ቦታ በአንድ ጣቱ ጫፍ ያሳያል። ለመለየት በጀርባ ተንጋልሎ ያንኑ ነጥብ በጣት ጫን ይሉታል፤ ከዚያ እጅ ሳይደገፉ ራስንና ትከሻን ከትራስ ቀና ማድረግ ነው። የሆድ ጡንቻ ሲገታተር ሕመሙ ከቀነሰ ምንጩ ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ ካልቀነሰ ወይም ከባሰ ግድግዳው ላይ ነው ማለት ይቻላል። ሐኪሞች ይህን የካርኔት ምልክት ይሉታል። እዚያው ነጥብ ላይ በሚወጋ ማደንዘዣ ከቀለለ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ከሁለት ደቂቃ በታች የሚፈጅ ነገር ነው፤ ሲደረግ የምናየው ግን ከሲቲ ስካን ባነሰ ቁጥር መሆኑ ይገርማል።

ሁሉም ታይቶ ምንም ያልተገኘበት ሰውስ? ሕመሙ የውሸት ነው ማለት አይደለም። የሆድ ነርቮች ለረጅም ጊዜ ከታመሙ በኋላ ለትንሹም ግፊት ከመጠን በላይ መልስ የሚሰጡበት ሁኔታ አለ። በዝቅተኛ መጠን የሚሰጥ አሚትሪፕቲሊን የሚታዘዘው ለዚህ ነው። «የድብርት መድኃኒት ለምን ሰጡኝ?» ብሎ መቆጣት የተለመደ ነው፤ እዚህ የሚሰጠው ግን የነርቭን ሕመም ለማብረድ ነው።

ምግብን በተመለከተ «ቅባት እርም» መባል የለበትም። ችግሩ ብዛቱና ድንገተኛነቱ ነው። ለሁለት ወር ሽሮና ጎመን ሲበላ የቆየ ሰው ፋሲካ ሌሊት ላይ በቅቤ ያበደ ዶሮ ወጥ፣ ጠዋት ደግሞ ክትፎ ቢያስከትል ከረጢት ያለውም ሰው ሆዱን ያመዋል። ከረጢት የሌለው ሰው በትንሽ ትንሹ ቢጀምር፣ ቅቤውን ለቀናት ቢያከፋፍለው ይሻለዋል። ረጅም ሰዓት ሳይበሉ ቆይቶ አንድ ጊዜ ከባድ ምግብ መብላትም ለአንዳንዱ ያስቸግራል፤ በጾምም በረመዳንም ጊዜ ሕመሙ የሚብስበት ሰው ሐኪሙንና የንስሐ አባቱን ወይም ኢማሙን ቢያማክር ደግ ነው። በርበሬ፣ ቡና፣ ወተት ለሁሉም ሰው እኩል አይደሉም። ሁሉንም ባንዴ ከማቋረጥ አንዱን ለጥቂት ሳምንት ትቶ መልሶ መሞከር የሚያዋጣ ነው፤ የበሉትን፣ ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓትና የቆየበትን ጊዜ በስልክ ላይ መጻፍም ለሐኪሙ ከብዙ ገለጻ ይሻለዋል።

ወደ ቀጠሮ ስትሄዱ የቀዶ ጥገናውን ሪፖርት፣ ከቀዶ ጥገናው በፊት የተነሳችሁትን አልትራሳውንድና የወጣው ከረጢት የፓቶሎጂ ውጤት ይዛችሁ ሂዱ። ጂዳ፣ ዱባይ ወይም ቤሩት ሆናችሁ ከታከማችሁ እነዚህን ወረቀቶች ወደ አገር ከመመለሳችሁ በፊት ተቀበሉ፤ ሪፖርቱ ከረጢቱ ሙሉ በሙሉ መውጣቱን ወይም ከፊሉ መቅረቱን ይናገራል፤ ቀጣዩ ሐኪም መጀመሪያ ማወቅ የሚፈልገውም እሱን ነው። ካልተሰጣችሁ ሆስፒታሉን የካርድ ቁጥራችሁን ይዛችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ።