ዜጎች ለምን ይሳተፋሉ፣ ለምንስ ይቀራሉ?

የዜግነት ተሳትፎ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የምናስበው የምርጫ ሳጥንን ነው። ጉዳዩ ግን ከዚያ ይሰፋል። አቤቱታ ላይ መፈረም፣ የወላጆች ኮሚቴ ውስጥ መሥራት፣ ሰላማዊ ሰልፍ መውጣት፣ የሰፈርን ችግር ይዞ ባለሥልጣን ፊት መቅረብ፣ ሁሉም ተሳትፎ ነው።

አሜሪካዊው የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ሲድኒ ቨርባና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1995 ጥያቄውን ገልብጠው አነሱት። ሰዎች ለምን አይሳተፉም? ስለማይችሉ፣ ስለማይፈልጉ ወይም ማንም ስላልጠየቃቸው ነው አሉ።

አለመቻል የሚጀምረው ከኑሮ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ለእንጀራው የሚሮጥ ሰው ስብሰባ የሚቀመጥበት ጊዜ ከየት ያመጣል? ትምህርትም ትልቅ ድርሻ አለው። ሆኖም ሰው ፊት መናገር፣ ደብዳቤ መጻፍና ስብሰባ መምራት በሥራ ቦታ፣ በእምነት ተቋምና በማኅበርም ይለመዳል። ማኅበራት ሲዳከሙ ይህ መለማመጃ አብሮ ይጠፋል።

አለመፈለግን ስንፍና ማለት ይቀናናል። እኔ አልስማማም። «የእኔ ድምፅ ምን ይለውጣል?» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይህን የሚለው ካየው ተነሥቶ ነው። ተናግሮ የሚያሳስረው ከሆነማ ዝምታው ግዴለሽነት ሊባል አይችልም። ውጤት ሲታይ ግን ሰው ይመጣል። የብራዚሏ ፖርቶ አሌግሬ ከተማ በ1989 ነዋሪዎች ከበጀቱ ከፊሉ በምን ላይ እንደሚውል እንዲወስኑ ፈቀደች። ስብሰባዎቹን የሞሉት በአመዛኙ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች ነበሩ። የውኃና የፍሳሽ መስመር ለእነሱ የየዕለት ጉዳይ ነው።

በጣም የሚናቀው ሦስተኛው ምክንያት፣ ማለትም ማንም አለመጠየቁ፣ ይመስለኛል። በ1998 በአሜሪካዋ ኒው ሄቨን በተካሄደ ሙከራ፣ በራቸው ተንኳኩቶ በአካል የተጋበዙ ሰዎች ካልተጋበዙት በላይ ወጥተው መረጡ። የስልክ ጥሪው ግን ያን ያህል ለውጥ አላመጣም። የጋባዡ ማንነትም ለውጥ ያመጣል። ሕንድ ከ1993 ጀምሮ ከመንደር ምክር ቤት መቀመጫና የመሪነት ቦታ አንድ ሦስተኛውን ለሴቶች መደበች። በምዕራብ ቤንጋል ሴት በምትመራቸው ምክር ቤቶች ሴቶች ጥያቄና አቤቱታ ይዘው መቅረባቸው ጨመረ።

ሕግም ያስገድዳል። በአውስትራሊያ በ1922 ምርጫ ድምፅ የሰጡት ከተመዝጋቢዎች 60 በመቶ እንኳ አይሞሉም ነበር። በ1924 ድምፅ መስጠት ግዴታ ሆነና በቀጣዩ ዓመት ከ91 በመቶ በላይ ወጡ። ግዴታው ግን ወደ ምርጫ ጣቢያ ያመጣል እንጂ ለሌላው ተሳትፎ ዋስትና አይሆንም።

ድምፅ መስጠት ልማድም ነው። አንዴ የመረጠ ሰው በሚቀጥለውም የመምረጥ ዕድሉ ሰፊ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ምርጫ ክብደት አለው። ኦስትሪያ በ2007 የመምረጫ ዕድሜን ወደ 16 ዝቅ አደረገች። በዚህ ዕድሜ ልጆች ገና ከቤተሰብ ጋር ናቸው፤ ትምህርት ቤትም አልለቀቁም። «ና፣ አብረን እንሂድ» የሚላቸው ሰው አያጡም። እዚያው በተደረጉ ጥናቶች የ16 እና የ17 ዓመት ወጣቶች ከ18 እስከ 20 ካሉት ይልቅ በብዛት ድምፅ ሰጥተዋል።