«ሜላንኮሊ ነኝ» አትበሉ፣ በናታችሁ

እንግሊዝኛ ሳስተምር አስራ አንድ አመቴ ነው፣ «ኢንፎርሜሽንስ» ሲሉኝ ችያለሁ፣ «ሂ ዶንት» ሲሉኝም ችያለሁ፣ ይቺ ሜላንኮሊ የምትባል የትካዜ ቃል ግን ልታሳብደኝ ነው። ስለሷ የምትሉኝን ስህተት አንድ በአንድ ጽፌ ልገላገል፣ ከዚህ በኋላ ለሚጠይቀኝ ይሄንኑ ነው የምልክለት።

«ሜላንቾሊ ተብሎ ነው የሚነበበው።» አይደለም። ሜላንኮሊ፣ ጠበቅ የሚለው «ሜ» ላይ ነው። ከግሪክ የመጡ ቃላት ላይ ሲኤች ብዙ ጊዜ «ክ» ነው፣ ኬሚስትሪን ቼሚስትሪ አትሉ!

«ቅጽል እንዲሆን የግድ ሜላንኮሊክ መባል አለበት።» የለበትም፣ ራሷ ስምም ቅጽልም ናት፣ «ኤ ሜላንኮሊ ሶንግ» ልክ ነው። ግስ ግን አይደለችም። «አይ ሜላንኮሊ ዩ» ብሎ ለፍቅረኛው ቴክስት ያደረገ ተማሪ ነበረኝ፣ ናፍቀሽኛል ማለቱ ነበር።

«ሐዘን ማለት ስለሆነ ለቅሶ ላይም ይሰራል።» ኧረ በስመአብ! አንዱ የፈረንጅ አለቃው አባት ሞተውበት «አይ አም ሜላንኮሊ ፎር ዩር ፋዘር» ብሎ ኢሜይል ልኮ ነው ያሳየኝ፣ ከላከ በኋላ! ለሞተበት ሰው «አይ አም ሶሪ ፎር ዩር ሎስ» በቃ፣ ሌላ አታስፉ። መርዶ የተነገረው ሰው ያለበት «ግሪፍ» ነው፣ ሜላንኮሊ ግን የኛ ትካዜ ናት። ክረምት ላይ መስኮት ተደግፈህ ዝናቡን እያየህ ትዝታ ተከፍቶ፣ ማንም አልሞተ፣ ማንም አልከዳህ፣ ግን ሆድህ ባር ባር ሲልህ፣ እሷ ናት። ለሰው ብቻም አይደለም፣ ለዜማ፣ ለፊት፣ ለድምጽ፣ ሰው ለሌለበት አሮጌ ቤትም ትባላለች። ደግሞ ድብርትም አይደለችም፣ ቅዳሜ ከሰአት መብራት ጠፍቶ ሲደብርህ «አይ አም ቦርድ» ነው የምትለው።

«ዲፕሬሽን ማለት ነው።» ድሮ ሕመሙንም በዚሁ ስም ነበር የሚጠሩት፣ ዛሬ ግን ሕመሙ ዲፕሬሽን ወይ ድባቴ ነው። ሐኪሞች «ሜላንኮሊክ» የሚሉት የከባድ ዲፕሬሽን አይነት አለ፣ ጠዋት ጠዋት የሚብስ፣ ሌሊት ቀድሞ የሚያነቃ፣ ጥሩ ዜና እንኳ ቢመጣ ደስ የማያሰኝ፣ እሱ ሌላ ነገር ነው። እንደዛ ሆኖባችሁ ሁለት ሳምንት ካለፈ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፣ እኔ የሰዋስው ሰው ነኝ።

አሁን ወደሚያናድደኝ። «ሜላንኮሊ ማለት ጥንቁቅ፣ ሥርዓት የሚወድ፣ ሁሉ ነገር ፐርፌክት ካልሆነ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ማለት ነው።» ይሄ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፣ ሰውን በአራት ባህርይ ከሚከፍለው ስልጠና ነው፣ ሳንጉዊን (ተጫዋቹ)፣ ኮሌሪክ (መሪው)፣ ሜላንኮሊ (ጥንቁቁ)፣ ፍሌግማቲክ (የረጋው)። «ባሌ ኮሌሪክ እኔ ሜላንኮሊ» እየተባባላችሁ እርስ በርስ ከተግባባችሁበት ግድ የለኝም። ችግሩ ስልጠናውን ላልወሰደ ሰው ስትሉት ነው።

አንዲት አካውንታንት ተማሪዬ፣ ጎበዝ የምትባል ልጅ፣ አንድ የውጭ ድርጅት ለኢንተርቪው ጠራት። ስለራስሽ ንገሪን ሲሏት ቀና ብላ «አይ አም ኤ ሜላንኮሊ ፐርሰን» አለች። ጠያቂዎቹ ተያዩ። አንዷ ሴትዮ ለስለስ ብላ «አር ዩ ኦኬ?» አለቻት፣ እሷ ደግሞ ፈገግ ብላ «የስ፣ ኦልዌይስ፣ ፍሮም ቻይልድሁድ»። ስራውን አላገኘችም፣ በዛ ምክንያት ይሁን አይሁን እንጃ፣ ሲነገረኝ ግን ራሴን ይዤ ነው የተቀመጥኩት።

ቃሉ ሲፈታ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? በግሪክ ሜላስ ጥቁር፣ ኮሌ ሐሞት። ሜላኒን (ቆዳን የሚያጠቁረው ቀለም) እና ኮሌስትሮል የሚባሉትም ከነዚሁ ስሮች ናቸው። በግሪኩ ሐኪም በሂፖክራተስ ዘመን፣ የዛሬ 2,400 አመት አካባቢ፣ ሰውነት ውስጥ አራት ፈሳሽ አለ ይሉ ነበር፣ ደም፣ አክታ፣ ቢጫ ሐሞትና ጥቁር ሐሞት፣ ጥቁሩ የበዛበት ሰው ይተክዛል። (ጥቁር ሐሞት የሚባል ፈሳሽ የለም፣ ያኔም አልነበረም።) የኛ ሐሞት እኮ ድፍረት ናት፣ ሐሞቱ ፈሰሰ እንላለን፣ የነሱ ጥቁሯ ትካዜ ሆነች። ስለዚህ ልጅቷ ለቀጣሪዎቿ ከልጅነቴ ጀምሮ እንደተከዝኩ ነው ያለሁት ብላ ነው የወጣችው።

እሺ፣ አልዋሽም፣ ስልጠናው ከሜዳ አልተነሳም። ድሮም ሜላንኮሊ የበዛበት ሰው አሳቢ ነው ይባል ነበር፣ የጀርመኑ ሰዓሊ ዱረር በ1514 የሰራው ሜላንኮሊያ የሚባል ስእል ላይ ክንፍ ያላት ሴት ጉንጯን በእጇ ደግፋ ተቀምጣለች፣ ዙሪያዋን ኮምፓስ፣ መጋዝ፣ ሚዛን ሞልቷል። ግን ኤችአር (ሰው ቀጣሪው ክፍል) ዱረርን አይቶ አይደለም የሚቀጥረው።

ምን በሉ? «አይ አም ኬርፉል»፣ «አይ ፔይ አቴንሽን ቱ ዲቴይል»፣ አበቃ። እሱም ባዶውን አይበቃም፣ ምሳሌ ጨምሩ፣ ባንክ ሪኮንሲሌሽን (የባንኩን ሂሳብ ከመዝገባችን ጋር ማመሳከር) ስሰራ ሌላ ሰው ያለፈውን ልዩነት አገኘሁ በሉ፣ በየትኛው ወር፣ ስንት ብር እንደሆነ፣ ለማን ሪፖርት እንዳደረጋችሁ። ኮሌሪክ ነኝ የምትሉም «አይ ካን ሊድ ኤ ቲም» በሉ፣ ኮሌሪክ ማለት ቁጡ ነው። ፍሌግማቲክማ ቃሉ ራሱ ከአክታ ነው የመጣው፣ እባካችሁ።

የልጅቷ ታናሽ ወንድም ደግሞ ሳንጉዊን ነኝ ባይ ነው አሉ። ኢንተርቪው ያለው ሐሙስ ነው፣ ሳትገባ ደውልልኝ ብዬዋለሁ።