የጀርመን የግል የባሩድ ፈቃድ ምንድን ነው?

በጀርመን ባቫሪያ የሠርግ ወይም የቤተ ክርስቲያን በዓል ሲሆን፣ የባህል ልብስ የለበሱ ሰዎች ተሰልፈው አጭር የእጅ መድፍ ወደ ሰማይ ይተኩሳሉ። ጥይት የለውም፤ የሚጎርሰው ባሩድ ብቻ ነው፤ የሚፈለገውም ድምፁ ነው። ተኳሾቹ ወታደሮች አይደሉም፤ በሌላ ሙያ የሚተዳደሩ ተራ ዜጎች ናቸው። ባሩዱን ገዝተው ቤታቸው የሚያስቀምጡት እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው የፈንጂ ሕግ በአንቀጽ 27 በደነገገው የግል ፈቃድ ነው።

በአፈሙዙ ባሩድ በሚጎርስ የጥንት ጠመንጃ ዒላማ የሚተኩሱና ባዶ ቀለህ መልሰው የሚሞሉ ስፖርተኞችም ይህንኑ ፈቃድ ያወጣሉ። ድርጅቶች የሚስተናገዱበት አንቀጽ ሌላ ነው። ለዘመን መለወጫ የሚተኮሰው የተለመደው ርችት ደግሞ 18 ዓመት ለሞላው ሰው ያለ ፈቃድ ይሸጣል።

ከሕጉ ሁሉ እኔን የሚማርከኝ ቅደም ተከተሉ ነው። አመልካቹ ስለ ባሩድ ከመማሩ በፊት ራሱ ይመረመራል። የወንጀል መዝገቡ ይታያል፤ በከባድ ወንጀል የተፈረደበት ሰው ፍርዱ ከጸና 10 ዓመት ካልሞላው አይታመንም። የመጠጥ ወይም የአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ያለበትም አያልፍም። ባለሥልጣኑ «ተቃውሞ የለንም» የሚል ማስረጃ ካልሰጠው የሥልጠናው በር አይከፈትለትም። ይህ ትክክል ነው እላለሁ። የተሰጠ ወረቀት ሊነጠቅ ይችላል፤ አንድ ጊዜ የተማሩትን ግን ከሰው ጭንቅላት መልሶ የሚወስድ የለም።

ሥልጠናው በፈተና ይደመደማል። ከዚያም «ለምን ትፈልገዋለህ?» የሚለው ጥያቄ ይከተላል። «ባሩድ እወዳለሁ» ማለት አያዋጣም፤ ለምሳሌ የተኳሾች ማኅበር አባል ሆኖ በእርግጥ እንደሚተኩስ ማሳየት አለበት። ዕድሜው በመደበኛነት 21 መሙላት ይኖርበታል።

ፈቃዱ እንደ ደንቡ ለ5 ዓመት ይሰጣል፤ የሚገዛው ዓይነትና መጠንም ሊገደብ ይችላል። ቤት ውስጥ ማስቀመጥ የሚቻለው ጥቂት ብቻ ሲሆን፣ ያውም ሰው በማይኖርበት ክፍል፣ ከእሳት ርቆና ተቆልፎ ነው። ቁልፉን መያዝ ያለበት ባለፈቃዱ ነው፤ ያልተመረመረና ያልሠለጠነ ሰው፣ የትዳር ጓደኛም ብትሆን፣ ባሩዱ ላይ እጇ እንዳይደርስ የማድረግ ኃላፊነት የእሱ ነው።